ከቀለሙ በታች ያለው ሥራ



«ቀለም» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ዓይነት ክብር አለው። አንድ ልጅ ፊደል ለይቶ፣ ንባብ አቅንቶ ትምህርቱን ሲገፋ «ቀለም ገብቶታል» ይባልለታል፤ ወላጆቹም ይኰሩበታል። ሌላው ልጅ ባልዲና ብሩሽ ይዞ የሰው ግድግዳ ሲቀባ ቢታይ ግን «ምን ያድርግ፤ ቀለም ባይዘልቀው ቀለም ቀቢ ሆነ» ተብሎ ይቀለድበታል። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ክብሩ እንዲህ ተለያይቷል። በዚህ ወር ልንነጋገርበት የወደድነው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ቀለም ነው፤ ይኸውም አንድ ወጣት የሕንፃ ቀለም ቀቢ ለመሆን ምን ምን መማር እንዳለበት፣ ከማንና በምን ዓይነት ውል እንደሚማር፣ ወላጆችም ልጃቸው በእውነት ሙያ እየቀሰመ መሆኑን ወይም ዕድሜውን በከንቱ እያሳለፈ መሆኑን በምን እንደሚለዩ ነው።

ይህን ጕዳይ እንድናነሣ ያደረገን በአዲስ አበባ የሚኖር የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው። አባትየው ዕድሜያቸውን በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። ሁለተኛው ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤቱ ለዩኒቨርሲቲ ስላልበቃው ጥቂት ወራት በቤት ከተቀመጠ በኋላ፣ በሰፈሩ ከሚያውቀው ቀለም ቀቢ ጋር መዋል ጀመረ። ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል፤ ቀለምና አቧራ የጠገበውን ልብሱን እናቱ ያጥቡለታል። ከቀን አበሉም ጥቂት ጥቂት እያመጣ ስለሚሰጣቸው እናትየው «ልጄ ሥራ ይዟል» እያሉ ይጽናናሉ። አባትየው ግን «ባልዲ መሸከም ደግሞ ሙያ ተብሎ ሊጠራ ነው?» እያሉ ያዝኑ ነበር። በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓመት አለፈ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባደድ ሲል፣ የሳሎናቸው ግድግዳ ተሰነጣጥቆ ስለ ነበር ለሳኝ ጠርተው በሲሚንቶ አስለሰኑት። ከዚያም አባትየው ልጃቸውን ጠርተው «እስኪ ሁለት ዓመት የተማርኸውን በገዛ ቤትህ አሳየን» አሉት። ልጁ ደስ ብሎት የሚያብረቀርቅ ዘይት ቀለም ገዛ፤ ልስኑ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው በሁለት ቀን ቀብቶ ጨረሰው። በፋሲካ ዕለት የመጡት እንግዶች ግድግዳውን አይተው አደነቁ፤ አባትየውም ለመጀመሪያ ጊዜ «ልጄ ነው የቀባው» ብለው ተናገሩ።

ዳሩ ግን ደስታው እስከ ሐምሌ ብቻ ቈየ። ዝናሙ ሲበረታ ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውኃ ቋጥሮ ያብጥ ጀመር፤ ጥቂት ቀን ቈይቶም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላቀቀ ወለሉ ላይ ወደቀ። አባትየው ተቈጥተው «ሁለት ዓመት ሙሉ የተማርኸው ይህን ነው?» ቢሉት፣ ልጁ አንገቱን ደፍቶ እንዲህ ሲል መለሰ፦ «አባባ፣ መቀባትን አስተምረውኛል፤ መቼ እንደማይቀባ ግን የነገረኝ ሰው የለም።»

ይህ አነጋገር በጥሞና ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የቀለም ቅብ ሙያ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ብሩሽ ነክሮ ማዳረስ ብቻ ይመስለዋል። እውነተኛው ሙያ ግን አብዛኛው ከቀለሙ በታች ተሸፍኖ የሚቀር፣ ሥራው ሲያልቅም ዐይን የማያየው ነው። ቀለም ጕድለትን ለጥቂት ጊዜ ይሸፍናል እንጂ አያድንም። ስለዚህ ልጁ ያልተማረው የሙያውን ጥቂት ክፍል ሳይሆን ዋናውን ክፍል ነበር።

በዚያ ሳሎን የደረሰው ነገር ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዲስ የሲሚንቶ ልስን በውስጡ ብዙ ውኃ ይዟል፤ ያም ውኃ ቀስ በቀስ በግድግዳው ፊት በኩል ተንኖ መውጣት አለበት። ከዚህም በላይ ሲሚንቶ እንደ ኖራ ያለ የሚያቃጥል ጠባይ አለው፤ ይህም ጠባይ እርጥበት ባለበት ጊዜ ከዘይት ቀለም ጋር ሲገናኝ ዘይቱን ወደ ሳሙና ዓይነት ነገር ይለውጠዋል። እንግዲህ በላይ ውኃ የማያሳልፍ ዘይት ቀለም ተቀብቶ፣ በታች መውጫ ያጣ እርጥበት ሲገፋ፣ ቀለሙ ከመላቀቅ በቀር ምን ያደርጋል? ለዚህ ነው አዋቂ ቀቢ አዲስ ልስንን ቢያንስ 4 ሳምንት ያህል ሳይደርቅ የማይነካው፤ ክረምት ከሆነ ወይም ቤቱ ነፋስ የማያገኝ ከሆነ ከዚያም በላይ ይታገሣል። ከተጠራጠረም አንድ ቍራጭ ላስቲክ በግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቆ ያሳድረዋል፤ በነጋታው በላስቲኩ ውስጠኛ ፊት የውኃ ጠብታ ካገኘ ግድግዳው ገና መሆኑን ያውቃል። ይህ ፈተና ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የሚያሳይ መምህር ብቻ ነው።

አንባብያን እንደምታውቁት በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል ሳይለይ ዳዊት የሚደግም፣ ዜማውንም ሳያጠና ለማኅሌት የሚቆም ተማሪ የለም። ጥንት የእንጨት ሥዕል ይሥሉ የነበሩ ሠዓልያንም ቢሆኑ ቀለም ከመንካታቸው በፊት ሰሌዳውን በጀሶ ያሰናዱት ነበር። የግድግዳ ቀለም ቀቢም እንዲሁ የራሱ የትምህርት ቅደም ተከተል አለው። ወላጆች ልጃቸው የት እንደ ደረሰ ለመጠየቅ እንዲችሉ ይህን ቅደም ተከተል በአጭሩ እንገልጸዋለን።

የመጀመሪያው ደረጃ ማየትና ማሰናዳት ነው። ተማሪው ወለሉንና የቤቱን ዕቃ መሸፈን፣ ያረጀና የተላቀቀ ቀለም በስፓቱላ መፋቅ፣ ስንጥቅን ከፈት አድርጎ አቧራውን ከጠረገ በኋላ በስቱኮ መድፈን፣ ሲደርቅም በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይማራል። ግድግዳ በእጅ እንደሚነበብም የሚያውቀው በዚህ ጊዜ ነው። መዳፉን በአሮጌ ግድግዳ ላይ ሲያሳልፍ ነጭ ዱቄት ከቀረበት፣ ያ ግድግዳ አዲሱን ቀለም አይዝምና ተጠርጎ የሚያጠነክር የመጀመሪያ ቅብ ያስፈልገዋል። ኖራ የተቀባ ግድግዳም እንደዚሁ ነው፤ ሳይፋቅ ፕላስቲክ ቀለም ቢደረብበት ኖራው ቀለሙን ይዞት ይወርዳል። ስቱኮው የተስተካከለ መሆኑንም በቀን ብርሃን ፊት ለፊት በማየት ብቻ አይፈርድም፤ መብራት በግድግዳው ጎን አስጠግቶ ሲያበራ ጕድጓዱና ጕብታው ጥላ ጥሎ ይታያል። በዚህ ደረጃ ያለ ልጅ ቀለም ሳይቀባ ወራት ቢያሳልፍ ወላጅ ቅር ሊለው አይገባም፤ ሙያው የሚጀመረው ከዚህ ነውና።

ሁለተኛው ደረጃ ቅቡ ራሱ ነው። ጣሪያው ይቀድማል፤ ግድግዳው ይከተላል፤ በርና መስኮት በመጨረሻ ይመጣሉ፤ ከላይ የሚንጠባጠበው የተጠናቀቀውን እንዳያበላሽ ነው። ማዕዘኑና ጠርዙ በብሩሽ ይያዛል፤ ሰፊው ገጽ በሮለር ይሞላል፤ ብሩሹ የያዘው ጠርዝ ሳይደርቅ ሮለሩ ሊደርስበት ይገባል፤ አለዚያ ሁለቱ የተገናኙበት መሥመር ለዘለዓለም ይታያል። አንዱ ቅብ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም፤ በጣሳው ላይ የተጻፈውን የመድረቂያ ሰዓት ማንበብና ማክበርም ከሙያው ነው። ለእንጨት የእንጨቱ፣ ለብረት የብረቱ አያያዝ አለ። የዛገ ብረት ዝገቱ ሳይፋቅና የዝገት መከላከያ ሳይቀባ ዘይት ቀለም ቢለብስ፣ ዝገቱ ከሥር ሥራውን ይቀጥላል። ቀለም መቀላቀልም የሚለመደው በዚሁ ደረጃ ነው፤ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ፣ በግድግዳው ጥግ ሞክረው እስኪደርቅ እየጠበቁ፣ ለአንድ ክፍል የሚበቃውንም በአንድ ባልዲ በአንድ ጊዜ አዋሕደው መሥራት ነው። በማግሥቱ ያንኑ መልክ ደግሞ ማግኘት እጅግ ያስቸግራልና።

ሦስተኛው ደረጃ ሥራን በኀላፊነት መያዝ ነው። የውጭ ግድግዳና ከፍ ያለ መወጣጫ፣ የቀለም ሒሳብ፣ የዋጋ ስምምነት፣ ከባለ ቤት ጋር መነጋገር፣ ሌሎችን ማሠራት በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ትምህርት ቤት የተማረው ሒሳብ ለምን እንደሚጠቅም የማያውቅ ወጣት ቢኖር እዚህ ይማረዋል። ለምሳሌ ያህል ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 2.8 ሜትር የሆነ ክፍል ቢኖር፣ የአራቱ ግድግዳ ዙሪያ 18 ሜትር ነው፤ በከፍታው ሲባዛ 50.4 ካሬ ሜትር ይሆናል። 0.9 በ2.1 ሜትር የሆነ በርና 1.5 በ1.2 ሜትር የሆነ መስኮት ሲቀነስ ወደ 47 ካሬ ሜትር ይቀራል፤ ሁለት ጊዜ ሲቀባም 94 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ጣሳው «አንድ ሊትር 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል» የሚል ከሆነ 9.4 ሊትር ያስፈልጋል፤ ለሚባክነው አንድ ዐሥረኛ ቢጨመር 10.3 ሊትር ያህል ይሆናል፤ ጋሎኑ 4 ሊትር ከያዘ ሦስት ጋሎን ይበቃል። ይህን ማስላት የማይችል ቀቢ ወይ ባለ ቤቱን ያለ አግባብ ያስወጣል፤ ወይም ሥራው እኩሌታ ላይ ደርሶ ቀለሙ ያልቅበታል።

ይህ ሁሉ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ብዙ ሰው ጥቂት ወር ይበቃዋል ብሎ ያስባል። በጀርመን አገር ግን ለቀለም ቀቢነት የተወሰነው የልምምድ ጊዜ 3 ዓመት ነው። ወጣቱ በአንድ በኩል ከባለ ሙያው ድርጅት ጋር ይሠራል፤ በሌላ በኩል በሙያ ትምህርት ቤት ይማራል፤ በመጨረሻም ተፈትኖ ብቁ ሠራተኛ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ የመምህርነትን ማዕርግ ከፈለገ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። በአገራችንም የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ሠልጣኙ የትምህርቱን ከፊል በተቋሙ፣ ከፊሉን በሥራ ቦታ እንዲያሳልፍ ያደርጋሉ፤ ይህንንም ዘርፍ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይመራዋል። በሥራ ላይ ብቻ የተማረ ሰውም ቢሆን የሙያ ብቃት ምዘና ተቀብሎ የምስክር ወረቀት ለማግኘት ይችላል። ስለዚህ ከሰፈር ቀቢ ጋር የሚውል ልጅ በሩ ተዘግቶበታል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ለምዘናው የሚቀርበው የተማረውን ይዞ ነውና የተማረው ምንድር ነው የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

ስለ ውልም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በእኛ ዘንድ ልጅን ለባለ ሙያ መስጠት አብዛኛውን ጊዜ በቃል ብቻ ይፈጸማል፤ «አደራ፣ እንደ ልጅህ እየው» ይባላል፤ ባለ ሙያውም «ግድ የለም» ይላል፤ ነገሩም በዚሁ ያበቃል። አደራ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን አደራው ምን እንደ ሆነ ካልተገለጸ ማንም ሊጠብቀው አይችልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ሙያ ለመልመድ የሚደረግ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ውሉም የትምህርቱን ዓይነትና የሚፈጀውን ጊዜ፣ በልምምዱ ጊዜ ለተማሪው የሚከፈለውን ገንዘብ፣ የሥራውንም ሁኔታ መግለጽ አለበት። ልምምዱ ሲያበቃ አስተማሪው የተማረውን ሙያና የቈየበትን ጊዜ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ለተማሪው መስጠት ይገባዋል። ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላው ልጅ ለሥራ እንዳይቀጠር፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ሕይወቱን ወይም ጤናውን ለአደጋ በሚያጋልጥ ሥራም እንዳይሰማራ ያው አዋጅ ይከለክላል።

ስለ ጤና ያነሣን እንደ ሆነ፣ ወላጆች ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቁበት የሚገባው ነገር ይህ ነው። በቀድሞ ዘመን ነጭ ቀለም ከእርሳስ ማዕድን ይሠራ ነበር፤ ብዙ ቀቢዎችንም መርዞ አሽመድምዷል። በ1921 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ባወጣው ስምምነት፣ ይህ ቀለም ለቤት ውስጥ ቅብ እንዳይውል፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶችና ሴቶችም በእርሱ እንዳይሠሩ ተከለከለ። የሚያሳዝነው ግን በዚያው ስምምነት ውስጥ ለሙያ ተማሪዎች የተተወ ቀዳዳ ነበር፤ መንግሥታት ለትምህርታቸው ሲባል ሊፈቅዱላቸው እንደሚችሉ ተጽፏል። ለመማር የመጣው ልጅ ከሁሉ ይልቅ ሊጠበቅ ሲገባው፣ በመማሩ ምክንያት ጥበቃው ሊላላበት ቻለ። በአገራችንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 በወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ቢሆንም ከዚያ በፊት የተቀቡ በሮች፣ መስኮቶችና የብረት አጥሮች ዛሬም በየቤታችን ቆመዋል፤ እነርሱን በደረቁ የሚፍቅ ልጅ አቧራውን ይተነፍሰዋል።

ስለዚህ አሮጌ ዘይት ቀለም በውኃ እያረጠቡ ማለስለስ፣ አፍና አፍንጫን በሚገባ መሸፈን፣ እጅን ሳይታጠቡ እንጀራ አለመቍረስ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት መሆን አለባቸው። የሥራ ልብስም በሥራ ቦታ ይውለቅ፤ ወደ ቤት ከመጣም ለብቻው ይታጠብ፤ ከሕፃናት ልብስ ጋር አይነከር። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮና በእናት ማሕፀን ያለውን ፅንስ ይጎዳልና። በዘይት ቀለምና በአኳራጅ ሲሠራ መስኮት ይከፈት፤ አዲስ በተቀባ ክፍልም ማንም አይደር። መሰላል 4 ሜትር ከፍታ ላይ የሚደገፍ ከሆነ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ፤ ከዚያ ከቀረበ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ከዚያ ከራቀ ደግሞ ይንሸራተታል። አንድ ባለ ሙያ ለልጃችሁ መወጣጫውን ሳይፈትሽ «ውጣ» የሚለው ከሆነ፣ እጁ ምንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን መምህር ሊሆነው አይችልም።

አሁን ወደ ጀመርነው ታሪክ እንመለስ። አባትየው ያን ክረምት ግድግዳውን እያዩ ብዙ አሰቡ። በመጀመሪያ ልጁን ከሥራው ለማስወጣት ፈልገው ነበር። በኋላ ግን የልጁ መልስ በልቡናቸው ስለ ተመላለሰ፣ ጥፋቱ የልጁም የሙያውም ሳይሆን ልጁን ያለ ጥያቄ የሰጡት የራሳቸው ጭምር መሆኑን ተገነዘቡ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ዛሬ ስንት አመጣህ?» ብለው ጠይቀውት ያውቃሉ፤ «ዛሬ ምን ተማርህ?» ብለው ግን አንድ ቀን አልጠየቁትም ነበር። ይህንንም ለባለቤታቸው ሲናገሩ ድምፃቸው ተለውጦ እንደ ነበረ እናትየው ነግረውናል።

መስከረም ሲጠባ በዕድሜ የገፉ ሌላ ቀለም ቀቢ ፈልገው አገኙና ልጁን ይዘው ሄዱ። ሽማግሌው «ልጁ ምን ያውቃል?» ብለው ጠየቁ። አባትየው «መቀባት ያውቃል» አሉ። ሽማግሌውም «እንግዲያውስ ከመፋቅ እንጀምራለን» አሉ። ልጁ ፊቱ ጠቈረ፤ ሁለት ዓመት ሠርቶ እንደ ገና ወደ ፊደል መመለስ ሞት ሆኖ ታየው። ሆኖም አባትየው በጸሐፊነታቸው የለመዱትን ወረቀትና ብዕር አውጥተው፣ በስንት ወር ምን እንደሚማር፣ በቀን ምን ያህል እንደሚከፈለው፣ ማን ምን እንደሚያቀርብ ሦስቱ ተነጋግረው ጻፉ፤ ፈረሙም። ሽማግሌው «በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ፤ ምን እንደማስተምር የጠየቀኝ አባት ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት» አሏቸው።

ልጁ የመጀመሪያውን ሦስት ወር ብሩሽ አልጨበጠም። ግድግዳ ፋቀ፤ ስቱኮ ለጠፈ፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፤ ያለሰለሰውንም ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው እየዳሰሱ «እዚህ ተመለስ» ይሉት ነበር። በዓመቱ በሮችና መስኮቶችን ለብቻው ተቀበለ፤ በክረምት የውጭ ሥራ ሲቆም ደግሞ የቤት ውስጥ ሥራና የዋጋ ሒሳብ ይለማመድ ጀመር። ለሙያ ብቃት ምዘና ቀርቦ ያለፈውም በዚያው መምህሩ ዘንድ ሳለ ነው።

በኋላ የአባቱን ሳሎን ደግሞ ሠራው። በመጀመሪያ በሁለት ቀን የጨረሰው ሥራ በዚህ ጊዜ ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። አሮጌውን ቀለም እስከ ልስኑ ፋቀ፤ እርጥበቱን በላስቲክ ፈተነ፤ በአንደኛው ጥግ ጠብታ ስላገኘም ከውጭ በኩል የሚያንጠባጥበውን አሸንዳ ሳያሠራ አልቀጥልም አለ። አባትየው በአምስተኛው ቀን ትዕግሥታቸው አልቆ «ታዲያ መቼ ነው የምትቀባው?» ቢሉት «አባባ፣ ስድቡን ችዬ የተማርሁት ይህንኑ መጠበቅ ነው» አላቸው። ከዚያም ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል፤ ግድግዳውም እንደ ቆመ ነው።

የተወደዳችሁ ወላጆች፤ ልጃችሁን ለቀለም ቀቢም ሆነ ለሌላ ባለ ሙያ የምትሰጡ እንደ ሆነ ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንደኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ምን ታስተምረዋለህ በሉት፤ «ሲሠራ ያየዋል» የሚል መልስ ብቻ ከሰጣችሁ ሌላ ፈልጉ። ሁለተኛ፣ ከአምስት ዓመት በፊት የሠራኸውን ቤት አሳየን በሉት እንጂ ትናንት ያጠናቀቀውን አትዩ፤ ትናንት የተቀባ ግድግዳ ሁሉ ያምራልና። ሦስተኛ፣ የተነጋገራችሁትን በወረቀት አስፍሩ። ልጁም ማታ ሲመጣ ከአበሉ በፊት ስለ ትምህርቱ ጠይቁት፤ በሳምንት አንድ ቀንም ያለሰለሰውን ግድግዳ ሄዳችሁ በመዳፋችሁ ዳስሱለት። ባታውቁበትም እንኳ፣ አባቱና እናቱ የማይታየውን ሥራውን ሊያዩለት መምጣታቸውን ያውቃል።